ዝም ያለ የስልክ ደወል

የድሮ ስልክ ደወል ሁለት ጥቅል ሽቦ፣ አንድ ቋሚ ማግኔት፣ ወገቡ ላይ ተሰክቶ የሚወዛወዝ ብረት፣ መዶሻና ሁለት ቃጭል አሉት። በመስመሩ የሚመጣው ተለዋዋጭ ጅረት አቅጣጫውን በቀየረ ቁጥር ብረቱ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ መዶሻውም ቃጭሎቹን በየተራ ይመታል። ለዚህ ከ60 እስከ 90 ቮልትና በሴኮንድ ከ16 እስከ 25 ዙር ያህል ይበቃዋል።

ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋለት። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ የተቋቋመው በ1945 ዓ.ም. ነው። እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉ የምዕራብ ጎጃም ከተሞች የሚገኝ አሮጌ ስልክ ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው፦ እጀታው ዞሮ ኦፕሬተር የሚጠራበት ወይም ቁጥር የሚደወልበት። በእጅ በሚዞረው ላይ ሰዎች መጀመሪያ የሚለውጡት ባትሪ ድንጋዩን ነው። ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ድንጋዩ ለንግግር ብቻ ያገለግላል፤ ደወሉን የሚያስጮኸው ከወዲያኛው ጫፍ የሚላክ ጅረት ነውና።

ምርመራው የሚጀመረው ስልኩን ከመስመር በማላቀቅ ነው። ከሌላ አሮጌ ስልክ የተፈታ፣ ጅረት የሚያመነጭ ማዞሪያ ከደወሉ ሁለት ጫፎች ጋር ይያያዝና እጀታው ይዞራል፤ ጣት ጫፎቹን እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባል፣ ይነዝራል። ደወሉ ከጮኸ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። የግድግዳው 220 ቮልት ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሽቦውን ያቃጥላል፣ ሰውም ይገድላል።

በምዕራብ ጎጃም ክረምቱ ዝናብና መብረቅ ይዞ ስለሚመጣ፣ መስመሩ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ ያለው የመብረቅ መከላከያ ከሌሎቹ ቦታዎች ቀድሞ ይታያል። በሁለቱ ካርቦኖች መካከል የከሰል ብናኝ ከተጋገረ የጥሪው ጅረት ወደ መሬት ይሄዳል።

ቁጥር በሚደወልበት ስልክ ተጠርጣሪው ኮንደንሰሩ ነው። ሥራው ሁልጊዜ መስመሩ ላይ ያለውን 48 ቮልት ማገድና የጥሪውን ጅረት ብቻ ማሳለፍ ነው። ከደረቀ ስልኩ ያናግራል እንጂ አይጠራም፤ ካሳለፈ ደግሞ ማዕከሉ መነጋገሪያው እንደተነሳ ይቆጥረዋል። በመርፌ ቴስተር ሲለካ መርፌው ዘሎ ቀስ ብሎ መመለስ አለበት። ካልዘለለ ደርቋል፣ ዘሎ ከቀረ ያሳልፋል።

ጥቅሎቹ የሚለኩት ከዚያ በኋላ ነው። በብዙ ሞዴሎች ሁለቱ በተከታታይ ተያይዘው 1000 ኦም ገደማ ይሰጣሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚታየው ግን ሁለቱ እኩል መሆናቸው ነው። ልኬቱ ትክክል ሆኖ ደወሉ ካልተነቃነቀ፣ ቀደም ሲል የጠገነው ሰው የአንዱን ጫፎች አገላብጦ አያይዞት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሁለቱም ብረቱን በአንድ ጊዜ እኩል ስለሚስቡት መወዛወዝ ያቅተዋል። ይህን ስህተት ቴስተር አያሳይም፤ የአንዱን ጫፎች አቀያይሮ መሞከር ብቻ ነው።

ደካማ ወይም የታፈነ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ጉዳይ አይደለም። በእህል መጋዘን የከረመ ስልክ በብረቱና በጥቅሎቹ መካከል አቧራ ይሞላል፤ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የቃጭሉ ቀዳዳ ሆን ተብሎ ከመሐል ወጣ ብሎ የተበሳ ነው፦ ብሎኑን በካቻቢቴ ላላ አድርጎ ቃጭሉን ሲያዞሩት ከመዶሻው ይርቃል ወይም ይቀርባል። መዶሻው መትቶ መመለስ አለበት፤ ቃጭሉ ላይ ከተደገፈ ድምፁ ይሞታል።

የተበጠሰ ጥቅል የመጨረሻው ነው። ፀጉር የሚያህለው ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከጫፉ፣ ብየዳው አጠገብ፣ እርጥበት አረንጓዴ ዝገት ባበቀለበት ቦታ ነው፤ አንድ ሁለት ዙር ፈትቶ፣ ቀለሙን ፍቆ መበየድ ያድነዋል። ከውስጥ ከተበጠሰ ግን ከሌላ ስልክ ተመሳሳይ ኦም ያለው ጥቅል ይፈለጋል።