የታካሚ ምስጢርና አስተርጓሚው በቀፊራ

በድሬዳዋ የቀፊራ ገበያ ማለዳ በአንድ መደብ ዙሪያ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪኛ ይሰማሉ። ከተማዋ የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ከደረሰባት ጊዜ አንሥቶ የልዩ ልዩ ሕዝቦች መገናኛ ናት። ሻጭና ገዥ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሳይቸገሩ ይሸጋገራሉ። ይሁን እንጂ ዋጋ ለመከራከር የሚበቃው ቋንቋ ሕመምን ለመናገር ላይበቃ ይችላል፤ የጤና ባለሙያው ሥነ ምግባር የሚፈተነውም በዚህ ጊዜ ነው።

ከአካባቢው ገጠር አትክልት ልትሸጥ የወረደች አንዲት እናት ሳምንታት የቆየ ሳል ይዟት ወደ ጤና ተቋም መጣች እንበል። የተረኛው ባለሙያ ቋንቋዋን አያውቅም። ተራ ከሚጠብቁት መካከል «ኦሮምኛ የሚችል አለ?» ብሎ መጣራት ቀላሉ መንገድ ነው። የሚነሣው ሰው ምናልባት ከመደቧ አጠገብ ሽንኩርት የሚሸጥ ጎረቤቷ ይሆናል። የተነሣው በቅን ልቦና ነው፤ ነገር ግን የአክታ ምርመራዋ ውጤት፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ አለማድረጓ፣ የወር አበባዋ የቀረበት ጊዜ ሁሉ በእርሱ አፍ ያልፋል። ስለዚህ ለአንዳንዱ ጥያቄ እውነቱን ትታ «የለም» ማለትን ትመርጣለች። ባለሙያውም የተዛባውን መልስ እንደ ትክክለኛ የሕመም ታሪክ በካርዷ ላይ ያሰፍራል።

ጉዳቱ በኀፍረት ብቻ አይወሰንም። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል። ሕመሟ በገበያው የተሰማባት ሴት ገዥ የሚሸሻት ከመሰላት መድኃኒቱን አቋርጣ ልትሰወር ትችላለች። ያን ጊዜ በሽታው ወደ ቤተሰቧ ይሻገራል፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢም ሊከተል ይችላል። ምስጢር መጠበቅን ከጨዋነት ደንብ የማያሳልፉት ባለሙያዎች ይህን የዘነጉት ይመስላል፤ የሕክምናው አንድ ክፍል ነውና።

የሂፖክራተስ መሐላ ይህን ግዴታ ከጥንት ጀምሮ ይዞት ኖሯል። በ1948 እ.ኤ.አ. የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ያወጣው የጄኔቫ ቃል ኪዳንም ያጸናዋል፤ ዛሬ ባለው ይዘቱ ግዴታው ከታካሚው ሞት በኋላም እንደሚቀጥል ይናገራል። በአገራችንም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን መግለጥ ያስቀጣል። እርግጥ ነው፣ ወረርሽኝ ሲነሣ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ግዴታ ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ በድሬዳዋ ቺኩንጉንያ በተስፋፋበት ጊዜ እንደታየው፣ ያለ ሪፖርት መከላከል አይቻልም። ሪፖርቱ ግን የሚሄደው ለበሽታ ቅኝት ክፍል እንጂ ለጎረቤት አይደለም።

ታዲያ ባለሙያው ምን ያድርግ? በቅድሚያ ታካሚዋን «ማን ያስተርጉምልሽ?» ብሎ ይጠይቃት፤ ይህንንስ ለመጠየቅ የሚበቃ ኦሮምኛና ሶማልኛ መማር አያዳግትም። ከተቋሙ ሠራተኞች ቋንቋውን የሚያውቅ ካለ እርሱ ይጠራ፤ የሰማውን ይዞ እንዳይወጣም አስቀድሞ ይነገረው። ዐይኑን ከአስተርጓሚው ይልቅ ወደ ታካሚዋ ያቅና። ነፍስ በሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ በአጠገብ የተገኘው ሰው ማስተርጎሙ አይነቀፍም፤ ጥያቄው ግን ሕይወቷን ለማትረፍ በሚያስፈልገው ይወሰን። በጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ የተተወ ካርድ፣ ስም እየተጠራ በኮሪደር የሚነገር የላቦራቶሪ ውጤትም ሊታረሙ ይገባል። የካርድ ክፍል ሠራተኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ጥበቃው ብዙ ያያሉ፤ ስለ ምስጢር የሚሰጠው ሥልጠና ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደርሳቸውም።

ባለሙያውም የዚያው ሰፈር ነዋሪ ነው፤ ቅዳሜ ቀፊራ ወርዶ ሲሸምት ታካሚውን በመደቧ ላይ ያገኛታል። «መድኃኒቱን እየወሰድሽ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አሳቢነት ይመስለዋል፤ የጎን ሻጯም ትሰማለች። የቲማቲሙን ዋጋ ጠይቆ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ይለፍ። የመድኃኒቱን ጉዳይ የሚጠይቅበት የቀጠሮ ቀን በካርዷ ላይ ተጽፏል።