የስፖርት መኪና፣ የሌሊት እሽቅድምድም እና የውቤ በረሃ ጎዳናዎች

አንድ ሰው በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ የሚችል ተሽከርካሪ በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ፣ ግብሩንና መድኑን ከፍሎ፣ ሰሌዳ አስለጥፎ ሲያበቃ «ታዲያ ይህን ጉልበት የት ላውለው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ጥያቄው አግባብ ያለው ነው። ችግር የሚፈጠረው መልሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በከተማ አስፋልት ላይ ሲፈለግ ነው። ይህ ጽሑፍ ለሕዝብ አገልግሎት በተሠራ መንገድ ላይ በፍጥነት መንዳትና መሽቀዳደም የሚያስከትለውን ጉዳት፣ እንዲሁም በባለ መኪናው ላይ የሚያመጣውን የሕግ ተጠያቂነት ያብራራል። ለማሳያነት የተመረጡት ውቤ በረሃና በዙሪያው ያሉት የአራዳና የፒያሳ ጎዳናዎች ናቸው።

በደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ስም የሚጠራው ይህ ሰፈር የቀድሞዋ አዲስ አበባ የሌሊት ሕይወት መናኸሪያ እንደነበር ይታወቃል። አካባቢው የተቆረቆረው ሰው በእግሩ፣ መኳንንቱም በበቅሎ በሚሄዱበት ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያስረከበው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የአራዳ ገበያ ሞቅ ያለ የንግድ ስፍራ ነበር። ከተማዋ በሽቅብና በቁልቁል፣ በወንዝና በድልድይ የተከፋፈለች ናት። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚወጣ፣ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርድ አሽከርካሪ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዳገቱ እይታን ይጋርዳል፤ ከጫፉ ባሻገር ሰው መቆሙ የሚታወቀው ጫፉ ላይ ሲደረስ ነው። ቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚኬደውን ርቀት ያረዝማል።

በ2016 ዓ.ም. የተከናወነው የኮሪደር ልማት የፒያሳንና የአካባቢዋን ገጽታ በእጅጉ ለውጦታል። የእግረኛ መሄጃዎች ሰፍተዋል፤ የብስክሌት መስመሮች ተዘርግተዋል፤ መብራት በርክቷል፤ አስፋልቱም ታድሷል። ይህ ሁሉ በጎ ነው። ሆኖም የመንገድ መሐንዲሶች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የሚያውቁት አንድ እውነታ አለ፤ ሰፊ፣ ለስላሳና ብርሃናማ መንገድ አሽከርካሪው ሳይታወቀው እግሩን እንዲጭን ያደርገዋል። ቀድሞ ጉድጓዱና ጥበቱ በግድ ያስጠብቁት የነበረውን የፍጥነት ልክ አሁን አሽከርካሪው በራሱ ፈቃድ እንዲጠብቀው ይጠየቃል። ቀን ቀን መጨናነቁ ራሱ ይገድበዋል። ሌሊት ግን የሚይዘው የለም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሊታይ የሚገባው ሌላ ለውጥ አለ። «የስፖርት መኪና» ሲባል ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ መኪና ብቻ በዓይናችን ትመጣለች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ግን በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በብዛት መታየት ጀምሯል። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ከቆመበት ከመጀመሪያዋ ቅጽበት አንሥቶ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ፣ አየሩ ሳስቶ፣ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ሊያጣ ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ ችግር የለበትም። በዚህም ምክንያት ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱባት ተራ የቤት መኪና ዛሬ ከብዙ የቀድሞ የስፖርት መኪኖች ባላነሰ ፍጥነት ልትነሣ ትችላለች። በባትሪዋ የተነሣ ክብደቷ ይጨምራል፤ ድምፅዋ ደግሞ ዝቅተኛ ነው። በጆሮው ተማምኖ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው፣ በተለይም ዓይነ ስውር ወገን፣ መምጣቷን ላይሰማ ይችላል። እንግዲህ ከዚህ በታች የሚነገረው የውድ መኪና ባለቤቶችን ብቻ የሚመለከት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን።

አንድ ሰከንድ

የፈጣን መኪና ባለቤቶች ዘወትር የሚያነሡት መከራከሪያ አለ፤ «መኪናዬ ለፍጥነት የተሠራች ናት፤ ጎማዋም ፍሬኗም ከሌላው ይበልጣል፤ እኔም ጎበዝ ነጂ ነኝ» የሚል ነው። መከራከሪያው ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ በቁጥር ሲመዘን የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።

ንቁ የሆነና ያልጠጣ አሽከርካሪ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በዚህች ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደረቅና ደልዳላ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም ደግሞ ሌላ 14 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ድምሩ 28 ሜትር ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚከንፈው መኪና ግን በዚያችው አንድ ሰከንድ ውስጥ ብቻ 28 ሜትር ይጓዛል። ይህም ማለት የመጀመሪያው መኪና ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና ፍሬን መያዝ እየጀመረ ነው። በዚያ ቦታ ላይ አንዲት እናት ብትኖር የምትመታው በሙሉ ፍጥነቱ ነው። ከዚያ በኋላ ለመቆም 55 ሜትር ያህል ይቀረዋል።

የላቀ ፍሬንና ጥሩ ጎማ ከዚህ 55 ሜትር ላይ 15 ሜትር ያህል ሊቀንሱ ይችላሉ። ከመጀመሪያዎቹ 28 ሜትሮች ላይ ግን አንዲትም ሜትር አይቀንሱም፤ ምክንያቱም እነዚያ የሰው እንጂ የመኪና ርቀቶች ናቸው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳውስ ብንል፣ በ28ኛው ሜትር ላይ ሲደርስ ገና ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ላይ ነው። በክረምት፣ ይልቁንም ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራንና ዘይትን ከአስፋልቱ ጋር ሲያላቁጥ፣ እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ይከፋሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መኪና ፊት ለፊት የሚመታው እግረኛ የመሞት ዕድልም ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል 4 ከግማሽ እጥፍ ያድጋል። በመሆኑም ድርጅቱ በከተማ ውስጥ ከፍተኛው ፍጥነት ከ50 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ፣ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ስፍራ ደግሞ በ30 እንዲወሰን ይመክራል። የፍጥነት ወሰን የሚለካው በሞተሩ አቅም ሳይሆን የሰው አጥንት ሊሸከመው በሚችለው ኃይል ነው።

በዚህ ሁሉ የሚገኘው ትርፍ ምን ያህል ነው? 2 ኪሎ ሜትር በ50 የሚጓዝ ሰው 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በ80 የሚጓዝ ደግሞ 1 ደቂቃ ተኩል። ትርፉ 54 ሰከንድ ነው፤ እሱም ቀጥሎ ባለው የትራፊክ መብራት ካልተወሰደ።

መፍጠንና መሽቀዳደምም በመሠረቱ አንድ አይደሉም። በፍጥነት የሚነዳ ሰው ጥፋተኛ ቢሆንም ቢያንስ የሚመለከተው መንገዱን ነው። ተሽቀዳዳሚ ግን የሚመለከተው ባላንጣውን ነው። ከሁለቱ አንዱ በሌላው መስመር፣ አንዳንዴም በተቃራኒ አቅጣጫ ለመሄድ ይገደዳል። ቀድሞ ፍሬን የያዘ ስለሚሸነፍም ሁለቱም ፍሬን መያዝን ሆነ ብለው ያዘገያሉ።

«መንገዱ ባዶ ነበር»

ከአደጋ በኋላ ተደጋግሞ የሚሰማው ቃል ይህ ነው። የፒያሳ ሌሊት ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከመዝናኛ ቤት የሚወጡ ሰዎች ታክሲ ፍለጋ አስፋልት ዳር ይቆማሉ፤ ከእነርሱ መካከል የጠጡ ስላሉም እርምጃቸው አይገመትም። የጽዳት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ መንገዱን የሚጠርጉት ትራፊክ በሚቀንስበት በዚሁ ሰዓት ነው። ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች አሉ። ሌሊቱ ወደ 10 ሰዓት ሲጠጋ ደግሞ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶችና አባቶች ወደ አራዳ ጊዮርጊስ መውጣት ይጀምራሉ፤ በወሩ 23ኛ ቀን ቁጥራቸው ይበዛል። ሌሊቱን ሲዝናና ያደረው አሽከርካሪ ወደ ቤቱ የሚመለሰውና ምእመኑ ወደ ደጀ ሰላም የሚሄደው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጎዳና ላይ ነው። በ2010ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ በየዓመቱ 400 ገደማና ከዚያም በላይ ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ሲያጡ አብዛኞቹ እግረኞች ነበሩ። መኪና የሌለው ሰው ለሌላው ሰው መኪና ዋጋ ሲከፍል ኖሯል ማለት ነው።

የመኪና ውድድር ራሱ ከሕዝብ መንገድ የወጣው በዚህ ዓይነት ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ከፓሪስ ተነሥቶ እስከ ማድሪድ ሊደርስ የነበረው ውድድር አሽከርካሪዎችና ተመልካቾች በመሞታቸው በፈረንሳይ መንግሥት ትእዛዝ ቦርዶ ላይ ተቋረጠ፤ ከሞቱት አንዱ የታወቀው የሬኖ ፋብሪካ መሥራች ማርሴል ሬኖ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ ሀገር ብሩክላንድስ ላይ ለውድድር ብቻ የታቀደ መሮጫ ተከፈተ። ጣሊያን በሕዝብ መንገድ ላይ ታካሂደው የነበረውን ሚሌ ሚሊያ የተባለውን ስመ ጥር ውድድር ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1957 ሕፃናት ጭምር ከሞቱበት አደጋ በኋላ ነው። እነዚያ ሰዎች በዘመናቸው የዓለም ምርጥ ነጂዎች ነበሩ፤ መንገዳቸውም ሕዝቡ አስቀድሞ የሚያውቀው ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

የፍጥነት ወሰንን መተላለፍ በራሱ በትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ብቻ በመሆኑ ጉዳዩን የገንዘብ ቅጣት ከፍሎ የሚያልፈው ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል። የሰው ሕይወት ሲጠፋ ግን ጉዳዩ ወደ ወንጀል ሕግ ይሻገራል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው የገደለ አሽከርካሪ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና የገንዘብ መቀጮ ይጠብቀዋል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ከሞቱ፣ ወይም አሽከርካሪው ግልጽ የሆነን ደንብ ሆነ ብሎ ከጣሰ፣ ወይም በመጠጥ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ካደረሰ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። ለእሽቅድምድም የተነሣ ሰው ደንቡን የጣሰው ረስቶ ወይም ተሳስቶ እንደሆነ ማስረዳት እንደሚከብደው ግልጽ ነው።

ከዚያም አልፎ የሕጉ አንቀጽ 58 ድርጊቱ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የፈጸመን ሰው አስቦ እንዳደረገ ይቆጥረዋል። የትኛው አንቀጽ እንደሚስማማ በየጉዳዩ የሚመዝነው ፍርድ ቤት ነው። የሌሎች ሀገሮች ልምድ ግን የሚያስተምረው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በበርሊን መሐል ከተማ በተደረገ የሌሊት እሽቅድምድም ምንም የማያውቅ ሌላ አሽከርካሪ በመሞቱ በአንደኛው ተሽቀዳዳሚ ላይ የተሰጠው የነፍስ ግድያ ፍርድ እ.ኤ.አ. በ2020 በሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጸንቷል። ጀርመን በመሐሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ያልተፈቀደ የመኪና እሽቅድምድምን ማንም ሰው ባይጎዳም ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጋዋለች።

ልጆቻቸው መኪና ለሚያውሷቸው ወላጆች ልዩ ትኩረት የሚሻው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ነው። በዚህ አንቀጽ የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት በኃላፊነት ይጠየቃል፤ ነጻ የሚሆነው መኪናው ጉዳቱን ባደረሰበት ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው። ስለዚህ «ቁልፉን ሳላውቅ ወስዶ ነው» የሚለው ምላሽ ብቻውን አያድንም። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ከአደጋ በኋላ ሳይሆን ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ማሰብ ያስፈልጋል።

ፍጥነትን በስፖርትነቱ ለሚወዱ ሁሉ በሩ የተዘጋ አይደለም። አዲስ አበባ ጎዳናዋን ለውድድር መዝጋት ታውቅበታለች፤ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ የሚካሄደው መንገዱ ለተሽከርካሪ ተዘግቶ፣ ፖሊስና አምቡላንስ ተመድቦ ነው። ለመኪናም መሠረታዊው ሁኔታ ይኸው ነው፤ ከሚመለከታቸው አካላት የተገኘ ፈቃድ፣ ለሌላ ተጠቃሚ የተዘጋ ስፍራ፣ ለተመልካች የተለየ ቦታ፣ የራስ ቁር፣ የእሳት ማጥፊያና የሕክምና ባለሙያ። እነዚህ ያልተሟሉበት «ውድድር» በማኅበራዊ ሚዲያ ምንም ያህል ቢደምቅ ሕጉ የሚያየው እንደ ትራፊክ ጥፋት ነው። የመድን ፖሊሲያቸው እሽቅድምድምን ይሸፍን እንደሆነና እንዳልሆነም ባለ መኪኖች ውላቸውን አንብበው ቢያረጋግጡ ይበጃቸዋል።

በሰፈራቸው መኪኖች ሲሽቀዳደሙ የሚያዩ ነዋሪዎች ወደ አስፋልቱ ሳይጠጉ ሰሌዳውን፣ የመኪናውን ቀለምና አቅጣጫ፣ እንዲሁም ሰዓቱን በመያዝ ለፖሊስ በ991 ማሳወቅ ይችላሉ። ጉዳት የደረሰበት ሰው ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ተጎጂውን ጥሎ መሄድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ያስቀጣል፤ ግዴታው የአሽከርካሪው ብቻ ሳይሆን በራሱ ላይ አደጋ ሳይደርስ መርዳት የሚችል፣ በስፍራው የተገኘ ሰው ሁሉ ነው።