ቅዳሜ የማን ቀዳሚ ናት?

በመካነ ሰላም ገበያ ላይ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ወሩ ስንት እንደ ገባ ላያስታውስ ይችላል፤ ዕለቱን ግን አይስትም። «ለሮብ»፣ «የዛሬ ሳምንት ሐሙስ» ተባብሎ ይለያያል። እነዚህ ስሞች ከአፍ የማይጠፉትን ያህል ከየት እንደ መጡ የሚጠይቃቸው ጥቂት ነው።

መሠረቱ ቀላል ነው። የእንግሊዝኛዎቹ ዕለታት ከፀሐይ፣ ከጨረቃና ከጥንት አማልክት ስም የወጡ ናቸው፤ የእኛዎቹ ግን በአብዛኛው የግእዝ ቆጠራ ናቸው። እሑድ አንደኛ፣ ሰኞ (ሰኑይ) ሁለተኛ፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። ሦስተኛዋን ሠሉስ አማርኛ ጣላትና «የሰኞ ማግስት» ብሎ ማክሰኞ አላት። ትግርኛ ግን እስከ ዛሬ ሰሉስ ይላል። በወሎው ቦረና ገጠር ውዳሴ ማርያም የሚያጠና የቆሎ ተማሪም ማክሰኞ ሲደርስ የሚደግመው «ዘሠሉስ» የተባለውን ክፍል ነው።

ዓርብ ከቁጥሩ ትወጣለች። ሥሯ የፀሐይ መግባት ነው፤ ምዕራብም ከዚያው የተገኘ ነው። ሰንበት የምትገባባት ዋዜማ ስለሆነች ነው ይህን ስም ያገኘችው። ዓረቦችም ከእስልምና በፊት ዐሩባ ይሏት ነበር፤ በኋላ ጁምዓ ሆነች። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱበት በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል አንዷ ዕለት ለአንዱ የጁምዓ ሶላት፣ ለሌላው የጾም ቀን ናት። የዓረብኛውም ቆጠራ አሐድ ብሎ ከእሑድ ይነሣል።

ትልቁ ስሕተት ያለው ቅዳሜ ላይ ነው። ብዙ ሰው «ቀዳሚት ማለት መጀመሪያ ነው፤ ስለዚህ ሳምንቱ የሚጀምረው በቅዳሜ ነው» ይላል፤ መምህራን ሳይቀሩ እንዲህ ያስተምራሉ። እሑድ አንደኛ ከሆነች ግን ቅዳሜ መጀመሪያ ልትሆን አትችልም። ሙሉ ስሟ ቀዳሚት ሰንበት ነው፤ ከሰንበቶቹ መጀመሪያ የነበረችው ማለት ነው። ሰንበተ ክርስቲያን የተባለችው እሑድ ከእሷ በኋላ የመጣች ናት። ስሙ ሲያጥር «ሰንበት» ወደቀና «ቀዳሚት» ብቻዋን ቀረች፤ ስሕተቱም ከዚያ ተወለደ።

ይህች ሰንበት ያለ ክርክር አልጸናችም። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን ስላከበሩ ለረጅም ዘመን ሲወገዙና ሲሰደዱ ኖረዋል። ዐፄ ዳዊት በ1404 እ.ኤ.አ. በያሉበት እንዲያከብሯት ፈቀዱላቸው። በ1450 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በጠሩት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እኩል እንዲከበሩ ተወሰነ፤ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት ሚካኤልና ገብርኤልም ተስማሙ። ዛሬ ማንም ሳያስበው «ቅዳሜና እሑድ» ብሎ አንድ ላይ የሚጠራቸው እነዚህ ዕለታት እንዲህ በክርክር የተጣመሩ ናቸው።

የሁለቱ ሰንበታት ክብር በማዕድ ላይም ይታያል። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ሥጋና ወተት አይበላም እንጂ እህል ሳይቀመስ እስከ ከሰዓት በኋላ አይቆይም፤ ሰንበት ናቸውና። ከዓመቱ ቅዳሜዎች ይህን ክብሯን የምታጣው አንዲት ብቻ ናት፤ የፋሲካ ዋዜማ። በዚያች ቀን ስለሚጾም «የተሻረች» ተብላ ቅዳም ሹር ተባለች። ካህናቱ ለምለም ቄጠማ ያድላሉ፤ ምእመኑ በራሱ ላይ ያስረዋል። እስከ ትንሣኤ እህል ሳይቀምስ የሚጾመው አክፋይ ግን ገና አልቀመሰም።

ወሎ አንዲቱን ቅዳም ሹር በተለይ ያስታውሳታል። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ አቅራቢያ፣ አሮጌ በተባለው ቦታ፣ ከእንግሊዞች ጋር ጦርነት የተደረገው በስቅለት ዓርብ ነበር። በማግስቱ፣ በቅዳም ሹር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለዕርቅ መልእክተኞች ወደ እንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር ላኩ፤ በፋሲካ ዕለትም ከብት ሰደዱ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ።

የዕለታቱ ስሞች በገበያ ካርታ ላይም ተተክለዋል፤ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ በጎንደር በኩል ዓርብ ገበያና ሐሙሲት የሚባሉ ከተሞች አሉ።

እነዚህን ስሞች የሚጽፍ ሁሉ ግን ፊደላቸውን ይጠንቀቅ። «እሁድ» ተብሎ በሃሌታው ሀ ሲጻፍ ከአሐዱ ይለያል፤ «አርብ» ተብሎ በአልፋው አ ሲጻፍም ከምዕራብ ዝምድናው ይቋረጣል። በየመማሪያ ክፍሉ የዕለታት ሰንጠረዥ የምትሰቅሉ መምህራንም የመጀመሪያውን ዓምድ ለእሑድ ስጡ፤ ቅዳሜን በሰባተኛው ላይ አስቀምጡና ከሥሯ «ቀዳሚት ሰንበት» ብላችሁ ሙሉ ስሟን ጻፉላት።