የሙዝ ችግኝ ከጠርሙስ ሲወጣ

የምንበላው ሙዝ ዘር የለውም። በዓለም ገበያ የናኘው ካቨንዲሽ ሦስት ዙር ክሮሞዞም ስላለው ፍሬው ያለ ዘር ይሞላል፤ ገበሬው የሚያባዛውም ከእናቲቱ ሥር የበቀለውን ልጅ ቆፍሮ ሌላ ቦታ በመትከል ነው። የአዲስ አበባ ሙዝ በብዛት የሚመጣበት የአርባ ምንጭ ዙሪያ ማሳም የተስፋፋው እንዲሁ ነው። ዘዴው ብዙ ወጪ የለውም፤ ችግሩ የእናቲቱ ሕመም ከልጁ ጋር አብሮ መጓዙ ነው። በሥሩ በተጣበቀው አፈር የፓናማ በሽታ ፈንገስና ሥር የሚያጠቁ ጥቃቅን ትሎች፣ በግንዱ ውስጥ ደግሞ የአጠውልግ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። አጠውልግ መጀመሪያ የታወቀው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በእንሰት ላይ ሲሆን፣ በኋላ ሙዝንም አጥቅቷል።

ችግኝን በቤተ ሙከራ ጠርሙስ ውስጥ የሚያባዛው ቲሹ ካልቸር ብዙ ጊዜ የሚወደሰው በፍጥነቱ ነው። እኔ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ንጽሕናውን አስበልጣለሁ። ባለሙያው የልጁን ሽፋን እየላጠ መሐል ካለችው ትንሽ ነጭ እምቡጥ ይደርሳል። በበረኪና ያጸዳትና ስኳር፣ ማዕድናት፣ ቫይታሚንና ቡቃያ የሚያነቃቃ ሆርሞን ባለበት የረጋ ምግብ ላይ ያስቀምጣታል። በሳምንታት ውስጥ ጎን ለጎን ቡቃያዎች ይወጣሉ፤ እነሱም ተለያይተው ወደ ሌላ ጠርሙስ ይዛወራሉ። እንዲህ እየተደጋገመ ከአንዲት እናት በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ችግኝ ይገኛል።

ነገር ግን በረኪና የውጩን ያጸዳል እንጂ በህዋስ ውስጥ ያለን ቫይረስ አይነካም። እናቲቱ በቫይረስ ከተያዘች ቤተ ሙከራው የሚያባዛው በሽታውንም ጭምር ነው። ስለዚህ ከጠርሙሱ በፊት የእናት ተክል ምርመራ ይቀድማል። ከጠርሙሱ በኋላም ሌላ ፈተና አለ፤ በእርጥበት ያደገ ቅጠል የሰም ሽፋኑ ስስ ስለሆነና ቀዳዳዎቹም በወጉ መዘጋት ስላልለመዱ፣ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ቢወጣ ወዲያው ይደርቃል። በጥላ ቤት እርጥበቱ ቀስ በቀስ እየተቀነሰለት ለሳምንታት መለማመድ አለበት። ብዙ ችግኝ የሚሞተውም እዚህ ላይ ነው።

ንጹሕ ችግኝ ማለት በሽታን የሚቋቋም ችግኝ ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ፈንገሱ በሰፈረበት አፈር ከተተከለ እንደማንኛውም ሙዝ ይታመማል። በታይዋን ያጋጠመው ይኸው ነበር። የቲሹ ካልቸር ዙር ሲበዛ አንዳንዱ ችግኝ ከእናቱ ይለያል፤ ለአምራች ይህ ጉድለት ነው። የታይዋን ተመራማሪዎች ግን ይህንኑ ልዩነት ተጠቀሙበት። በርካታ የቲሹ ካልቸር ችግኞችን በተበከለ ማሳ ላይ ተክለው የተረፉትን መረጡ፤ ፎርሞሳና የተባለው ዝርያ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። በሽታውን ጨርሶ ባይከላከልም በተበከለ መሬት ሙዝ ማምረት አስችሏል።

በሽታውን ለመቋቋም አውስትራሊያ ሌላ መንገድ ተከትላለች። ከዱር ሙዝ የተወሰደ ጂን ካቨንዲሽ ውስጥ ተጨምሮ የተገኘው ኪውካቭ-4 የተባለ ሙዝ እ.ኤ.አ. በ2024 ተፈቅዷል።

ካቨንዲሽን የሚያጠቃው አደገኛው የፓናማ ፈንገስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2013 በእኛው አህጉር፣ ሞዛምቢክ ውስጥ መገኘቱ ይፋ ሆኗል፤ አፈር ውስጥ ከገባ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ችግኝ የምታከፋፍሉ ሁሉ ስንት ሺህ ችግኝ እንዳወጣችሁ ከመናገራችሁ በፊት እናት ተክሎቹ የተመረመሩበትን ውጤት ለገበሬው አሳዩ። ገበሬዎችም ሳታዩት አትግዙ።