ቀለህ ዳግም ሲጎርስ

ሽጉጥ ሲተኮስ ባሩዱ ይነዳል፣ አረሩ ይሄዳል፣ ከቀለሁ ቂጥ የተቀበረችው ማቀጣጠያ፣ ፕራይመር፣ ትበላለች። ከጥይቱ ውድ የሆነው ክፍል፣ የናሱ ቀለህ፣ ግን ይተርፋል። አሜሪካ ውስጥ በተኩስ መለማመጃ ሜዳ ጎንበስ ብለው ቀለህ የሚለቅሙ ሰዎች ብዙዎቹ ቤታቸው መልሰው ሊሞሉት ነው። ጥይት ከአሞሌ ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይዞር ለነበረበት አገር ሰው ይህ ብዙም አይደንቅም። ለራስ መጠቀሚያ እስከሆነ የፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሠርቶ ለመነገድ ግን ፈቃድ ግድ ነው።

የተተኮሰ ቀለህ ያብጣል። ስለዚህ ዳይ በሚባለው ጠንካራ ብረት ውስጥ ተገፍቶ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ አሮጌዋ ፕራይመር ወጥታ አዲስ ትተካለች፣ ባሩድ ይጨመራል፣ በመጨረሻም አረሩ ተቀምጦ አፉ ይጠብቃል።

ሁሉም ቀለህ ግን እሺ አይልም። በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰርና አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን ሁለት ዓይነት ፕራይመር አወጡ። የቦክሰር ቀለህ መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ስላለው ፕራይመሯ በቀጭን ዘንግ ተገፍታ ትወጣለች። የበርዳን ቀለህ መሃሉ ላይ ያለው ጉብታ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ጥቃቅን ሆነው ወደ ጎን ናቸው፣ ዘንጉም ጉብታው ላይ ይሰበራል። የሚያስቀው፣ አሜሪካ የእንግሊዛዊውን ስትመርጥ አብዛኛው አውሮፓ የአሜሪካዊውን መያዙ ነው። የአሜሪካ ጋራዦች በዚህ ሥራ የተሞሉት በከፊል በዚህ ዕድል ይመስለኛል።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ለስድስት ጎራሽ በሚሆነው .38 ስፔሻል ነው። ጥይቱ በ1898 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሲወጣ ሰፊ ቦታ በሚይዘው ጥቁር ባሩድ ይሞላ ስለነበር ሆዱ ትልቅ ነው። አደጋውም እዚያው ነው፤ የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ጥቂት ስለሆነ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨመር አይፈስም፣ ሽጉጡን ግን ሊያፈነዳ ይችላል። ጨርሶ ካልተጨመረም ፕራይመሯ ብቻዋን አረሩን ገፍታ በርሜሉ ውስጥ ትወትፈዋለች፤ የሚቀጥለው ተኩስ መንገዱን ተዘግቶ ያገኘዋል። ድምፁ የሰለለ ተኩስ ከተሰማ ወዲያው ማቆም፣ ጥይቱን ማውጣት፣ በርሜሉን ማየት ነው።

ስለዚህ በእጀታው አንድ ምት ብዙ ሥራ የሚሠራ ፈጣን ማሽን ለጀማሪ አይበጅም ባይ ነኝ። አንድ በአንድ የሚሠራው ይሻላል፤ የተሞሉት ቀለሆች በመደዳ ቆመው እያንዳንዱ በመብራት ይታያል። ከማሽኑ በፊት የታመነ የአሞላል መጽሐፍና ሚዛን ይገዛ። መለኪያው ግሬን ነው፣ አንዱ 65 ሚሊግራም ገደማ። የሚጀመረው መጽሐፉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ ነው፤ ጓደኛ የነገረው ልክ አይሠራበትም።

ገንዘብ ይተርፋል? በርካሹ 9 ሚሊሜትር እምብዛም፤ ብርቅ በሆኑት ጥይቶች አዎ። ብዙው ሰው ግን የተረፈውን በብዙ ተኩስ ይጨርሰዋል።

ባሩዱ ከመጣበት ዕቃ አይገለበጥ። ሥራውም ከማድቤት ይራቅ፤ ቀለህ ሲጸዳ የሚነሣው አቧራ ከፕራይመሯ የቀረ እርሳስ ስላለበት፣ እጅን ሳይታጠቡ እህል መንካት የለም።