ከጭንብሉ ሥር ማን አለ? አስፈሪ ካርቱኖች ከፈላና በር ሲታዩ

ሆረር ወዳድ ነኝ የሚል ሰው ካርቱን እንደሚከታተል ሲናገር ብዙዎች ይስቁበታል። ካርቱን የልጆች ነው፤ ሆረር ደግሞ መብራት ጠፍቶ በር ተዘግቶ የሚታይ የአዋቂ ነገር ነው፤ ምን አገናኛቸው ይሉታል። የሁለቱም ተመልካች ስለሆንኩ እኔ የምለው ሌላ ነው። ለቴሌቪዥን ከተሠሩ አስፈሪ ታሪኮች ውስጥ ምርጦቹ ተዋናይ የተወነባቸው ሳይሆኑ የተሳሉት ናቸው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ደግሞ ከፈላና በር የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ቦታውን ለማያውቅ አንባቢ፦ ፈላና በር በግንብ ከታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ከጁገል፣ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2006 ከተማውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከበሩ ወጣ ብሎ፣ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ጅብ ይመገባል። መጋቢው ጅቦቹን በስማቸው ይጠራል፣ ቁራጭ ሥጋ በእንጨት ላይ ያንጠለጥላል፣ እንጨቱን በጥርሱ ይይዛል፤ ጅቡም ከሰውየው አፍንጫ ሥር መንጭቆ ይወስዳል። ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳው ይህን ነው።

ሆረር ወዳድን የሚይዘው ግን ከዚያ በፊት ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ድምፅ ነው፤ ከሩቅ የሚነሳ፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ጩኸት። ቀጥሎ አንድ ባጃጅ ሲታጠፍ መብራቱ ሜዳውን ጠርጎ ያልፋል፤ የሚታየው ዐይን ብቻ ነው፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት። ገላ የለውም። ገላው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ በመጣ ጊዜም ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ጅቡ ራሱ ፈሪ ሆኖ ይገኛል፤ ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ይቀርባል፣ ሥጋውን ነጥቆ ይሸሻል። የጥሩ ሆረር አሠራር በሙሉ እዚህ ሜዳ ላይ አለ፦ ድምፅ፣ ከዚያ ዐይን፣ ብዙ ቆይቶ አካል።

የተሳለ ፊልም በዚህ የሚበልጠው በአሠራሩ ነው። ካሜራ ፊቱ ያለውን ሁሉ ያነሳል፤ ዛፉንም፣ የተዋናዩን መጨማደድም፣ ያልተፈለገውን ጥላም። በአኒሜሽን ግን ማንም ካልሳለው በስተቀር ምንም ነገር የለም። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ምስል ይፈልጋል፤ በተለመደው መንገድ አንዱን ስዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እየተጠቀሙ ቢሠሩ እንኳ 12 ስዕል ነው። የ11 ደቂቃ ታሪክ እንግዲህ 7,920 ስዕል ይወጣዋል። ስቱዲዮዎች ሁልጊዜ ይህን ያህል አይስሉም፣ ብዙ ዘዴ አላቸው። ነገሩ ግን ይኸው ነው፦ ስዕል ገንዘብ ነው፣ ጨለማ ደግሞ በነጻ ነው። ችሎታ ያለው ሠዓሊ የማይታየውን ክፍል አውቆ ይተወዋል፣ ተመልካቹ በራሱ ጭራቅ ይሞላዋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በካርቱን ኔትወርክ የታየውና ፓትሪክ ማክሄል የፈጠረው «ኦቨር ዘ ጋርደን ዎል» ይህን በደንብ ያሳያል። 10 አጫጭር ክፍሎች አሉት፤ ሁለት ወንድማማቾች ጫካ ውስጥ መንገድ ጠፍቷቸው ይንከራተታሉ። በጫካው የሚኖረው አውሬ በአብዛኛው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ ቀንድና የሚያበራ ዐይን። ድምፁ ግን ያማረ ነው፤ ይዘፍናል። ብርሃን አካሉ ላይ የሚያርፍበት ቅጽበት በጣም አጭር ነው፣ ያቺ ቅጽበት ግን ከአእምሮ አትወጣም። አንድም ደም ሳይፈስ እንዲህ ማስፈራት ለእኔ የሙያው ጣሪያ ነው።

አሁን ወደ ታዋቂው ልሂድ። «ስኩቢ ዱ» እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ ጀመረ። በዚያ ዘመን ወላጆች የቅዳሜ ጠዋት ካርቱኖች ድብድብ በዛባቸው እያሉ ያማርሩ ነበር፤ ጣቢያው ድብድብ የሌለበት፣ ግን ልብ የሚሰቅል ነገር ፈለገ። ሃና ባርቤራ የተባለው ስቱዲዮ አራት ወጣቶችና አንድ ፈሪ ውሻ ይዞ መጣ። መንፈስ ያሳድዳቸዋል፣ ይሮጣሉ፣ በመጨረሻ ይይዙትና ጭንብሉን ያወልቁታል፤ ከሥሩ ሰዎችን አስፈራርቶ ከቦታው ሊያስለቅቅ የፈለገ አንድ ስግብግብ ሰው ይወጣል። ለልጅ ጥሩ ትምህርት ነው፤ የሚያስፈራህን ነገር ቀርበህ እየው ይላል። ለሆረር ግን ይህ ሞቱ ነው። ተመልካቹ ጭንብሉ እንደሚወልቅ ካወቀ በኋላ ምን ቀረው?

የእኛ አገር ተረት አካሄዱ የተገላቢጦሽ ነው። በቡዳ ታሪክ ቀን ቀን ሰው የሆነው ሲመሽ ጅብ ይሆናል። «ስኩቢ ዱ» የጭራቁን ፊት ገልጦ ሰው ያገኛል፤ የእኛ ተረት የሰውን ፊት ገልጦ ጅብ ያገኛል። ከሁለቱ የትኛው እንቅልፍ እንደሚነሳ ለማወቅ ሆረር ወዳድ መሆን አያስፈልግም። እንዲያውም ከጁገል አምስት በሮች አንዱ ቡዳ በር ይባላል። ነገር ግን ይህ ተረት ሰው የጎዳ ተረት ነው። ስሙ በአገራችን ለዘመናት ሲለጠፍ የኖረው በቀጥቃጮች፣ በሸክላ ሠሪዎችና በቤተ እስራኤላውያን ላይ ነው። ጅብ የሚሆነውን ሰውዬ አሁንም ቀጥቃጭ አድርጎ የሚስል አኒሜተር ቢኖር የሚሠራው ሆረር ሳይሆን የሰፈር ሐሜት ነው።

ጭንብል የማይወልቅበትን ካርቱን የሚፈልግ «ከሬጅ ዘ ካዋርድሊ ዶግ»ን ይይ። ጆን ዲልዎርዝ የፈጠረው ነው፤ ከ1999 እስከ 2002 ድረስ ታየ። ከሬጅ ሮዝ ቀለም ያለው ትንሽ ውሻ ነው፤ ከሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ጋር በረሃ መሐል ይኖራል። በየክፍሉ የሚመጣው ጭራቅ እውነተኛ ነው፤ ውሻውም እየተንቀጠቀጠ ይጋፈጠዋል። ብዙዎች የማይረሱት የንጉሥ ራምሴስን ክፍል ነው። ከመቃብር የተሰረቀ የተጻፈበት ድንጋይ ቤታቸው ደጃፍ ይገኛል፤ ባልየው ኢውስታስ ዋጋ እንዳለው ሲሰማ አልሰጥም ይላል። ሌሊት ንጉሡ ሜዳው ላይ ቆሞ ድንጋዩን መልሱ ይላል፤ ካልመለሱ መቅሰፍት ይመጣል። ንጉሡ በጣም ቀጭን ነው፣ በዝግታ ይወዛወዛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእጅ ከተሳለው ዓለም ተለይቶ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ዐይን ወዲያው የዚህ ቦታ እንዳልሆነ ያውቃል። ያ መለየቱ ነው የሚያስፈራው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ ጭራቁ ሕግ አለው። የወሰዳችሁትን መልሱ ይላል፤ ቢመልሱ ይሄድ ነበር። ምክንያት የሌለው ጭራቅ አንድ ጊዜ ያስደነግጣል፤ ሕግ ያለው ጭራቅ ግን ተመልካቹን ዳኛ ያደርገዋል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያስጠይቀዋል። ደም በደም የሆኑትን፣ ለምሳሌ በ2017 ኔትፍሊክስ ላይ የጀመረውን «ካስልቬንያ»ን፣ የምመለከተው ለስዕሉ ውበት ነው። ፍርሃት አላገኘሁበትም። ለልጅም ጨርሶ አይሆንም።

የጁገል ልጅ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፦ ካርቱን ጅብን ለምን እንዲህ ይጠላል? በ1994ቱ «ላየን ኪንግ» ጅቦቹ የክፉው አንበሳ ሎሌዎች ናቸው፤ ሠዓሊዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሚጠኑትን ጅቦች ሄደው አይተው ነበር፣ ግን ይህ ጅቦቹን አልጠቀማቸውም። በ2016 በቴሌቪዥን የቀጠለው «ዘ ላየን ጋርድ» ትንሽ ሊክስ ሞክሯል፤ ጃንጃ የሚባል ክፉ ጅብ፣ ጃሲሪ የምትባል ደግ ጅብ አሉት። ይሁንና ጃንጃ ወንድ ሆኖ መንጋ ይመራል፤ በእውነተኛው የጅብ መንጋ የበላይዋ ሴት ናት። የፈላና በር ልጅ በዚህ ቢስቅ አይፈረድበትም። ማውካካቱም ቢሆን በካርቱን እንደሚታየው የክፉ ሰው ሳቅ አይደለም፤ ጅብ በአብዛኛው የሚያውካካው ሲፈራ፣ ሲገፋ ወይም ምግብ ላይ ሲጨነቅ ነው። ኪሎ ሜትሮች አቋርጦ የሚሰማው ረጅሙ ጩኸት ሌላ ነው፤ መንጋው የሚጠራራበት ነው። ሐረሪዎች ዘንድ እንዲያውም ጅብ ጂኒ እየበላ ከተማውን ያጸዳል የሚል እምነት አለ። ግንቡ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ተትቶለታል፣ ዋራባ ኑዱል ይባላል። ጭራቁ በፈቃድ የሚገባበት፣ ሌላ የከፋ ጭራቅ የሚያባርርበት ከተማ፤ ይህን አንድም ካርቱን ውስጥ አላየሁም።

እንዲህ ያለውን ካርቱን ለመሥራት ገንዘብ የለንም የሚል ካለ ጃፓንን ይመልከት። እዚያ በ1930ዎቹ የመንገድ ተራኪዎች በወረቀት ላይ የተሳሉ ስዕሎችን በእንጨት ሳጥን እየቀያየሩ ለልጆች ተረት ይናገሩ ነበር። ከመቃብር የተወለደው የኪታሮ ታሪክ ከዚያ ተነስቶ፣ በሺጌሩ ሚዙኪ እጅ የስዕል መጽሐፍ ሆኖ፣ በ1968 የቴሌቪዥን ካርቱን ሆነ፤ እስካሁንም በየጊዜው እንደገና ይሠራል። በ2013 የጀመረው «ያሚሺባይ» ደግሞ ያንኑ የመንገድ ወረቀት ወደ ቴሌቪዥን መለሰው። እያንዳንዱ ክፍል አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ሰዎቹ ተቆርጠው እንደተለጠፉ ወረቀት እምብዛም አይንቀሳቀሱም፣ አፋቸው እንኳ በቅጡ አይከፈትም። ይህ ድህነት አስፈሪ አደረገው። ፊት አልቀየር ሲል ሰው ይጨንቀዋል።

እኛስ? ተረቱ ሞልቶናል። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ስማቸው ከልጆች ተረት ጋር የማይለይ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ወንበር ላይ ተቀምጠው በድምፅና በፊት ብቻ አያ ጅቦን ሲያመጡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔዋን ይዛ ፊደልና ጤና አስተማረች፤ ያንኑ ያዘጋጀው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ጥበብ ገርልስ» በተባለው አኒሜሽን ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰለ ጎጂ ልማድ የሚታገሉ ልጃገረዶችን አሳየ። መልካም ሥራ ነው። ግን ሁሉም ያስተምራሉ፣ አንዱም አያስፈራም። ዲዝኒ በ2023 «ኪዛዚ ሞቶ» ብሎ 10 አጫጭር የአፍሪካ አኒሜሽኖች ሲያወጣ ሥራዎቹ ከዚምባብዌ፣ ከኡጋንዳ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከናይጄሪያ፣ ከኬንያና ከግብፅ መጡ። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም።

ታሪክ ጠፍቶ አይደለም። በየዓመቱ ሙሐረም 10፣ በአሹራ ዕለት፣ ሐረር ላይ ቅቤ የጠገበ ገንፎ ተዘጋጅቶ ለጅቦች ይቀርባል። እንደ እምነቱ ቀድሞ የሚቀምሰው የመንጋው አለቃ ነው። ከግማሽ በላይ ከበላ ዓመቱ ጥጋብ ነው። ጭራሹን ካልነካው፣ ወይም ሙልጭ አድርጎ ከጨረሰው፣ ረሃብ ወይም ወረርሽኝ ይመጣል ተብሎ ይፈራል፤ ሰው ለዱዓ ይሰበሰባል። አሁን ይህን እንደ ፊልም ሠሪ እዩት። አንድ ገበታ፣ አንድ አፍ፣ ከተማ ሙሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። አለመብላቱም ያስፈራል፣ መጨረሱም ያስፈራል። ጭራቁ ሕግ አለው፣ ሕጉም የታወቀ ነው፣ ፍርዱ ግን አልታወቀም። አሜሪካዊ ጸሐፊ ይህን ቢያገኝ አንድ ሙሉ ተከታታይ ይሠራበት ነበር።

ለወላጆች ባጭሩ፦ ካርቱን ስለሆነ ብቻ ለልጅ ነው አትበሉ፣ ስለሚያስፈራም ብቻ አትከልክሉ። ጅብ መጣ፣ ጆሮ ቆራጭ መጣ እየተባለ ያደገ ሰው «ስኩቢ ዱ» ልጄን ያስፈራብኛል ቢል አያምርበትም። ለትንንሾቹ ጭንብሉ የሚወልቅበት ይበቃል፤ «ከሬጅ»ን ከፍ ላሉት አቆዩት፣ ስታሳዩም አብራችሁ ተቀመጡ፤ «ያሚሺባይ» የአዋቂ ነው።

ለአኒሜተሮች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የማስታወቂያ ሥራ ሲያርፍላችሁ የአምስት ደቂቃ ታሪክ ሞክሩ። ወረቀት ቆርጣችሁም ቢሆን ይሆናል። ስዕሉን ከመጀመራችሁ በፊት ግን መቅጃ ይዛችሁ ሐረር ኑ፣ ከመሸ በኋላ ከፈላና በር ውጭ ቁሙና ድምፁን ቅዱ፤ አስፈሪውን ግማሽ ሥራ ጅቦቹ ራሳቸው ይሠሩላችኋል።