ፀሐይ ያቃጠለው ፊታችሁ ሲላጥ፦ እባካችሁ እናንተ አትላጡት!



ከሦስት ሳምንት በፊት ንፋስ ስልክ ላፍቶ በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት ወጣት ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ገባች። ሥራዋ ጀሞ አካባቢ መንገድ ዳር የፓርኪንግ ትኬት መቁረጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ናት። ሻርፑን ስታወርደው ግንባሯ፣ አፍንጫዋና ጉንጮቿ ተላልጠዋል። አንዳንዱ ቦታማ ቆስሎ ውሃ ይቋጥራል።

«ዶክተር፣ ቅዳሜ የወንድሜ ሰርግ ነው። ቶሎ እንዲለቅልኝ ብዬ በሎሚና በስኳር ፈተግኩት» አለችኝ።

አልተቆጣኋትም። እኔም ተማሪ እያለሁ የተላጠ አፍንጫዬን በጥፍሬ ስልጥ ከርሜ፣ ጥቁር ምልክቱ ለወራት አብሮኝ ኖሯል።

ቆዳው ለምን ይላጣል?

ፀሐይ የጎዳቻቸው የላይኛው ቆዳ ሴሎች ይሞታሉ፤ ሰውነታችን ደግሞ አራግፎ ይጥላቸዋል። ብዙ ጊዜ ከቃጠሎው ከሦስት ቀን በኋላ ይጀምርና በሳምንት ገደማ ያልፋል። ከስር ያለው አዲሱ ቆዳ ስስ ነው። ጊዜው ሳይደርስ ከላጣችሁት ይቆስላል፣ ይመረቅዛል፣ ጠባሳም ይተዋል።

«ጥቁር ቆዳ በፀሐይ አይቃጠልም» የሚባለው ልክ አይደለም። መቅላቱ ጎልቶ አይታይም እንጂ ያቃጥላል፣ ይወጥራል፣ ከዚያ ይጠቁራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ ጎጂ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቀንም፤ ደመናም ሙሉ በሙሉ አይከልለውም።

ምን እናድርግ?

• ገና ሲያቃጥል በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ፊት ላይ አድርጉ። ይህን በቀን ደጋግሙት። በረዶ ግን በቀጥታ አታስነኩ።
• ፊታችሁን በለብታ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና ታጠቡ። ሳትፈትጉ በፎጣ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ አድርቁ።
• ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቅባት ተቀቡ። መላጥ ከጀመረ ቫዝሊንም ይሆናል።
• ውሃ በደንብ ጠጡ። ሕመም ካለ ፓራሲታሞል ይበቃል።
• ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ።

ምን እንተው?

ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አልኮል፣ ስክራብ። በተለይ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ራሱን የቻለ ቃጠሎ ያመጣል። ጎረቤት የሰጠቻችሁን ወይም ያለ ማዘዣ የገዛችሁትን «የፊት ማጥሪያ» ክሬምም ተዉት። ብዙዎቹ ውስጥ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ አለ፤ ቆዳውን ያሳሳዋል። እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ መድኃኒቶችም ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋሉ። እየወሰዳችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ሕመም፣ መግል ወይም ሰፊ ውሃ መቋጠር ካለ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ቤት አትቀመጡ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ከዚያ በኋላስ? ከጠዋቱ 4 እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ጥላ ፈልጉ። ሰፊ ኮፍያ፣ ጃንጥላ፣ ነጠላም ቢሆን ያግዛል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም መግዛት ከቻላችሁ 30 እና ከዚያ በላይ የሚለውን ምረጡ፤ ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት። ካልቻላችሁ ኮፍያው አይቅር።

ለዚያች እህቴ ፊቷ እስከ ቅዳሜ እንደማይድን ስነግራት አለቀሰች። በዐሥረኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ቁስሉ ደርቋል፣ ጥቁር ምልክቱ ግን አለ። ከፀሐይ ከተከለለ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ እንደሚሄድ፣ ማጥሪያ ክሬም እንዳትነካ ነገርኳት። ሰርጉን ጠየቅኳት። «ሄድኩ ዶክተር፤ ፎቶ ላይ ግን ከኋላ ቆምኩ» አለችኝ።

ፀሐይ ላይ ለሚውል ወዳጃችሁ ይህን አድርሱለት። ሰላም ሁኑልኝ!